ከማስተርጎም ወሬ መቅዳት ይሻላል

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የቃላት ቅደም ተከተል ላይ የማስተርስ ጽሑፍ ልትሠሪ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጅቼ ተናጋሪዎችን ባስተረጉም ይበቃል ወይ ብለሻል። እኔ አይበቃም ባይ ነኝ።

ለተመሳሳይ ሥራ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ድምፅ ስቀዳ ቆይቻለሁ። እዚህ መሀል ከተማ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ተናጋሪው ቀኑን ሙሉ አማርኛ ሲሰማ ነው የሚውለው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ስትሰጪው የአማርኛውን መንገድ ተከትሎ ይመልስልሻል። ሦስቱም ግሥን መጨረሻ ላይ የማድረግ ልማድ ስላላቸው ልዩነት የለም ብለሽ ቁጭ ትያለሽ።

ልዩነቱ የሚወጣው ሰው ሲያወራ ነው። ሻይ ቤት ውስጥ «ዳቦውን ማን ወሰደው?» ሲባል መልሱ «አልማዝ ዳቦውን ወሰደችው» አይሆንም። «አልማዝ ናት የወሰደችው» ነው የሚባለው። «ዳቦውስ የት ገባ?» ከተባለ ግን «ዳቦውንማ አልማዝ ወሰደችው» ይመጣል፤ ተሳቢው ፊት ይወጣል። ሞቅ ሲል ደግሞ «መጣ እኮ ያ ልጅ!» ይባላል፣ ግሡ ቀድሞ። ስለዚህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከመለሰው ጥያቄ ጋር መዝግቢ። ያለዚያ ቅደም ተከተሉ ለምን እንደተቀየረ አይገባሽም። ሶማልኛ ላይ ይሄ ይብሳል፤ «ባ» እና «አያ» የሚባሉ አጫጭር ቃላት ትኩረት ያረፈበትን ስም ተከትለው ይገባሉ፣ ዓረፍተ ነገሩም በእነሱ ዙሪያ ይደራጃል።

የስም ሐረግ ግን ሌላ ነው። አማርኛ «የመምህር ቤት» ሲል ኦሮምኛ «መነ በርሲሳ» ይላል፤ ቤቱ ይቀድማል። ይሄኛው ከወሬ ወሬ ብዙም ስለማይዋልል ያሰብሽው ማስተርጎም እዚህ ይጠቅምሻል። መስተዋድድንም (እንደ «ከ» እና «ላይ» ያለውን) እንዳትዘልዪው። የቋንቋ ተመራማሪው ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ግሥን መጨረሻ የሚያደርጉ ቋንቋዎች በአብዛኛው መስተዋድድን ከስም በኋላ እንደሚያመጡ አሳይቷል። አማርኛ ግን «ከጠረጴዛው ላይ» ብሎ ከፊትም ከኋላም ይይዛል። እኔን ከጠየቅሽኝ ይሄ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ለቀረጻው ሁለት ጓደኛሞች ፈልጊ። አንዱ ንግግር የሌለበት አጭር ቪዲዮ ይይ፣ ላላየው ጓደኛው በራሱ ቋንቋ ይተርክለት። አንቺ ዝም ብለሽ ቅጂ፤ በአማርኛ አትጠይቂ። ፈቃዳቸውን ቀድመሽ ያዢ። የቡና ማሽን ካለበት ቤት ደግሞ ራቂ፣ ድምፁን ያበላሽብሻል። ጊዜ ካጠረሽ ሦስቱን ቋንቋ ከመነካካት አፍሽን የፈታሽበትን አንዱን በደንብ ሥሪ።