መልስ፦ አስታማሚዋ የእማማን ማንነት በምን ትስረቅ?

እህቴ፣ ባሕር ዳር ላይ ለምትጽፊው የወንጀል ልብ ወለድ አስታማሚዋ የእማማን ማንነት በምን ትስረቅ ብለሻል። በብሔራዊ መታወቂያው በፋይዳ አትጀምሪ። የ10 ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ስለሚወስድ እሳቸውን መስሎ መመዝገብ ይከብዳል። ከስልካቸው ጀምሪ። ዓይናቸው የደከመ እናት የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራቸውን ለምታስታምማቸው ልጅ ይነግራሉ። ሌላ ማን አላቸው?

ቀጥሎ ቤት የሚያሸጥ ውክልና ይምጣ። “ለመድኃኒት ነው” ተብለው ይፈርማሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልና ሰጪው ሲሞት ይቋረጣል። ስለዚህ ልጅቷ እማማ እንዲሞቱ አትፈልግም፤ ሰው እንዳያያቸው ነው የምትፈልገው። የሚያስፈራው ይሄ ነው!

ፍንጩ ከጎረቤት ይነሳ። ጣና ዳር ያለውን ጊዮርጊስ ሳይሳለሙ የማይውሉ እናት ድንገት ጠፉ። ቡና ሲጠሩ መልሱ ሁሌ “ተኝተዋል” ነው። እባክሽ፣ እማማም በታሪኩ ውስጥ ይናገሩ፤ ሲሰቃዩ ብቻ አናንብባቸው።