«ስሜን ብቻ አስገቡልኝ»

የቡድን ሥራ ማስረከቢያ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ምሬት ይበዛባቸዋል። አራቱን መርጫለሁ።

«አምስት ሆነን ተመደብን፤ የምንሠራው ሁለት ነን። ሦስቱ በማስረከቢያው ዋዜማ ‹ስሜን ብቻ አስገቡልኝ› ይሉኛል። ልሰርዛቸው?» (ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

በዋዜማው ብትሰርዣቸው የሚተርፍሽ ጠብ ነው። የተበላሸው በመጀመሪያው ቀን ይመስለኛል፤ የቡድን ሥራውን ደቦ አድርጋችሁታል። ደቦ ደግሞ ጠላውን ጠምቆ የሚጠብቅ ባለቤት አለው፤ እናንተ የላችሁም። ወንፈል አድርጉት። በወንፈል አንተ እኔ ማሳ ላይ የዋልክባትን ቀን እኔም አንተ ማሳ ላይ ውዬ እመልሳለሁ፤ የቀረ ሰው ዕዳው ይታወቃል። ርዕሱ እንደተሰጠ አንድ ወረቀት አውጡና ስም፣ ሥራና ቀን ጻፉበት። «ሁላችንም እናነባለን» የሚል መስመር አይግባ፤ እንዲህ ያለውን ማንም አያነበውም። «መጠይቁን የሚበትነው እገሌ፣ ማክሰኞ» ይባል። በየቡድኑ «ሽፋኑን እኔ እሠራለሁ» የሚል አይጠፋም፤ እሱን ሥራ ብላችሁ አትቁጠሩለት። ቀኑ ያለፈበት ካለ ወረቀቱን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት መምህሩ ዘንድ ሂዱ።

«ተማሪዎቹ ይመራረጡ ወይስ እኔ ልመድብ? ስንት ስንት ይሁኑ?» (መምህር፣ ከሸዋ ሮቢት)

እርስዎ ቢመድቡ ይሻላል። ሲመራረጡ የአንድ መኝታ ክፍል ልጆች ይሰባሰባሉ፤ ማንም ያልፈለጋቸው መጨረሻ ላይ ቡድን ይሆናሉ። ሲመድቡ የሚመቻቸውን ሰዓት ይጠይቁ፤ ግቢ የሚያድረውና ከቤተሰቡ ቤት የሚመላለሰው ማታ አይገናኙም። አንዲት ሴት ተማሪን በወንዶች መካከል ብቻዋን አይመድቡ፤ ጸሐፊ አድርገዋት ያርፋሉ። ቁጥሩ ከአራት ባይበልጥ እመርጣለሁ። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ብቻውን ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ነበር። ከፊሉ አለመቀናጀት ነው፤ ከፊሉ ልግመት።

«የእርስ በርስ መገምገሚያ ተሰጠን። ጓደኛዬ ምንም አልሠራም፤ ዝቅ አድርጌ ብሰጠው አንድ ክፍል ውስጥ እንዴት እናድራለን?» (ተማሪ፣ ከመንዝ)

ከመሙላትህ በፊት ለራሱ ንገረው። ከነጥቡ ጎን ያየኸውን ጻፍ፦ «ሁለት ስብሰባ ቀርቷል፤ ድርሻውን አላመጣም»። እኔ ተማሪ ሳለሁ በይሉኝታ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁና ልጁን ሴሚስተሩን ሙሉ አኩርፌው ከረምኩ። ምክንያቱን እስካሁን አያውቅም።

«ማለዳ ስብሰባ ስንጠራ በብርዱ ማንም አይመጣም።» (ሌላ ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ማለዳ ስብሰባ የጠራው ማን ነው? ከምሳ በኋላ አድርጉት።