የጓሮ ማድ ቤት ስትሠሩ ከድስቱ ጀምሩ

ሜሪላንድ ቤት ከገዛሁ ወዲህ ሦስት የጓሮ ማድ ቤቶች ሠርቻለሁ፤ አንዱን ለራሴ፣ ሁለቱን ለወዳጆቼ። ሦስቱንም ጊዜ ያስነሣን የቁሌት ሽታ ነው። ምንጣፍ በለበሰ፣ መስኮቱ በማይከፈት ቤት ውስጥ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያቁላላ ሰው ያውቀዋል፤ ሽታው ከመጋረጃውና ከልጆቹ ካፖርት ሳይለቅ ሳምንት ይሞላል።

ብዙ ወገኖቻችን ለዚህ መላ የሚያገኙት ጋራዥ፣ ማለትም ከቤቱ ጋር የተሠራው የመኪና ማቆሚያ ክፍል ውስጥ ነው። እባካችሁ ይህን ተዉ። በአንድ የገና ዋዜማ ወዳጄ ጋራዥ ውስጥ በጋዝ ሁለት ድስት ተጥዶ፣ አጠገቡ ለቡና ከሰል ተቀጣጥሎ ነበር። ብርዱ ሲጠና አንዱ በሩን ወደ ታች ለቀቀው። ሰዓት ሳይሞላ ሽንኩርት ስታማስል የነበረችው እህታችን «ራሴን» አለች፤ ልትቀመጥ ስትል ጉልበቷ ከዳት። ተሸክመን አወጣናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። በሩን በግማሽ ከፍቶ መተውም አያድንም። እሳቱ ውጭ፣ ከግድግዳና ከመስኮት ራቅ ብሎ ይነደድ፤ እኔ ከ10 ጫማ አላስጠጋም።

አሁን ወደ ሥራው። ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ የምታዩት የጓሮ ኩሽና የታሰበው ሥጋ ለሚጠብስ ሰው ነው። ጠረጴዛው 36 ኢንች ከፍታ አለው። በዚያ ላይ ምድጃ፣ በምድጃው ላይ ለ30 ሰው የሚበቃ ድስት ከጣዳችሁ አፉ ደረት ላይ ይደርሳል፤ ክንድን ሰቅሎ ሁለት ሰዓት ማማሰል ትከሻ ይጨርሳል። ስለዚህ ልኩን ከድስታችሁ ውሰዱ። ትልቁን ድስት ወንበር ላይ አስቀምጡትና የሚያማስለው ሰው አጠገቡ ይቁም። ክርኑ ሳይነሣ፣ ወገቡም ሳይጎብጥ ማማሰያው ድስቱ ሥር እስኪደርስ ድረስ ከሥር ጣውላ እየደረባችሁ ሞክሩ። ከዚያ ከድስቱ ሥር እስከ መሬት ለኩ። እኛ ቤት 22 ኢንች ሆነ፤ 8 ኢንች ቁመት ያለው ብሎኬት ሁለት ድርብ፣ በላዩ 6 ኢንች ከፍታ ያለው ምድጃ። ለኤሌክትሪክ ምጣዱ ሦስት ድርብ ብሎኬትና አንድ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ንጣፍ በቃን፤ ሊጥ ሲዞር ምጣዱ ከወገብ ዝቅ ማለት አለበት።

ገንዘባችሁን ከሁሉ በፊት መሬቱ ላይ አውጡ። የመጀመሪያውን ስሠራ ቸኩዬ ብሎኬቱን ሣር ላይ ደረደርኩት። የካቲት ላይ በአፈሩ ውስጥ የነበረው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ አንዱን ጥግ አነሣው። ምጣዱ ዘመመ፤ ሊጡ ወደ አንድ ወገን እየሸሸ እንጀራው ግማሹ ወፍራም፣ ግማሹ ስስ ሆኖ ወጣ። አፍርሼ 6 ኢንች ያህል ቆፈርኩና ጠጠር ሞላሁበት፤ በየንብርብሩ እየጠቀጠቅኩ በውሃ ልክ አስተካከልኩት። ውሃው በጠጠሩ መካከል ስለሚወርድ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ከመቆፈራችሁ ከጥቂት ቀናት በፊት 811 ደውሉ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ የጋዝና የመብራት መስመር የተቀበረበትን መጥተው በቀለም ያመለክቷችኋል። ጣሪያ የምታቆሙ ከሆነም ካውንቲውንና የሰፈራችሁን የቤት ባለቤቶች ማኅበር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጋዙ ላይ አትቆጥቡ። ከቤት የወጣውን አሮጌ ምድጃ ከሲሊንደር ጋር ማገናኘት ትልቅ አደጋ ነው፤ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ምድጃ ቀዳዳው በሲሊንደር ለሚሸጠው ጋዝ፣ ለፕሮፔን፣ ሰፊ ነው፤ ነበልባሉ ከልክ በላይ ይወጣል። ለውጭ የተሠራ ጠንካራ ምድጃ ግዙ። ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር በሰዓት 60,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚያወጣን ምድጃ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሰባት ሰዓት ገደማ ያነደዋል፤ ለበዓል መለዋወጫ ይኑራችሁ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስስ መሬት ላይ ይተኛል፤ ሲሊንደሩን ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት። በቀየራችሁ ቁጥር መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ ከነፋ ያፈስሳል ማለት ነው።

መብራቱን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይዘርጋው። 1,500 ዋት ምጣድ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ይወስዳል፤ ሁለቱ 25 አምፒር ስለሚሆኑ አንድ የተለመደ መስመር አይችላቸውም። ሶኬቱም በእርጥበት ምክንያት ኤሌክትሪክ ሲሾልክ በቅጽበት መብራቱን የሚያቋርጠው ዓይነት (GFCI) መሆን አለበት።

በቀረው ሁሉ ቆጥቡ። የእጅ መታጠቢያ ይቅር፤ ቧንቧው በብርዱ ወራት ይፈነዳል፤ ቧንቧ ያለው ጀሪካን ይበቃል። የሥራ ጠረጴዛችንን ሲዘጋ ከነበረ ምግብ ቤት በርካሽ አገኘነው። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ የማይስበው ብረት ብዙውን ጊዜ ዝገትን የበለጠ ይቋቋማል። ነፋስ በሚመጣበት ወገን ብሎኬቱን ሁለት ድርብ ከፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ ነበልባሉ ከድስቱ ሥር እየሸሸ ጋዛችሁን ይፈጀዋል።

ከምድጃው ራመድ ብሎ ደግሞ መደብ የሚሆን ቦታ ተዉ። የእኔ አራት ብሎኬትና አንድ ወፍራም ጣውላ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እዚያ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ድስቱ ያዘ አልያዘም የምትለየው ከዚያው ሆና በማሽተት ነው።