ደብተራችንን ያዩልን አስተማሪዎች

ሰላም ልጆች። ሳይት ላይ ሻይ ስንጠጣ ስለ አስተማሪዎቻችሁ ስታወሩ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፣ አንዱ «እኔን ፊዚክስ ያስጠላኝ የዘጠነኛ ክፍል ቲቸሬ ነው» ይላል፣ አንዷ ደግሞ «እኔ እኮ ኢንጂነሪንግ የገባሁት በቲቸሬ ምክንያት ነው» ትላለች፣ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በቅየሳ ነው፣ ሰርቬየር የምትሉት፣ መጀመሪያ ማዕዘን በሚለካው ቴዎዶላይት፣ በኋላ ማዕዘንና ርቀት አብሮ በሚለካው ቶታል ስቴሽን፣ አሁን ደግሞ በጂፒኤስ፣ እና መለስ ብዬ ሳስበው ይህን ሙያ የሰጠኝ አንድ የሂሳብ አስተማሪ ነው፣ ከእጄ ሊያስጥለኝ ትንሽ የቀረውም ሌላ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ስለነዚህ ሰዎች ብዙ አስቤያለሁና እስቲ ልንገራችሁ።

ልጅ ሆነን አስተማሪ የምንመዝነው በሁለት ነገር ነበር፣ ይማታል ወይስ አይማታም፣ ያስቃል ወይስ አያስቅም። በቃ። የማይማታና የሚያስቅ ከሆነ ጥሩ ነው። አሁን በዚህ ዕድሜዬ የምጠይቀው ሌላ ነው፣ ደብተሬን ያየልኝ ማን ነበር፣ ያልገባኝን ለይቶ ያወቀልኝ ማን ነበር እላለሁ፣ በዚህ ስመዝናቸው አንዳንዶቹ ከነበሩበት ወርደው አንዳንዶቹ ደግሞ ወጥተው አገኛቸዋለሁ።

ያደግኩት ጎጃም ውስጥ አንዲት የወረዳ ከተማ ነው፣ ትምህርት የጀመርኩትም እንደ እኩዮቼ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የኔታ ዘንድ ነው። ሀ ሁ፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዛ ዳዊት፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ቤት ይደገስለት ነበር። የኔታ አለንጋ ነበራቸው፣ ይገርፉም ነበር፣ እሱን ልክ ነበር ብዬ አላስተምራችሁም። ግን የኔታ ዘንድ በጅምላ የሚታለፍ ልጅ የለም። ተራ በተራ እያቀረቡ ፊደሉን በስንጥር እያስነኩ ያስነብቡናል፣ ሸምድዶ እንዳይሆን ብለው ከመሀል ይጠይቃሉ፣ አቡጊዳ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ስለሚያዘዋውረው ሀ ሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዛ ላይ ይጋለጣል፣ ቀለሙን ያልያዘ ወደሚቀጥለው አይሄድም፣ የያዘው ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስቀጽላል፣ እየመራ ያስጠናዋል ማለት ነው። ይሄን ያህል ክትትል በኋላ አስኳላ ገብቼ ከስንት አንዴ ነው ያገኘሁት።

አስኳላ ያኔ ከ1 እስከ 6 በአማርኛ ነው፣ 6ኛ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናላችሁ፣ 7ኛ ስትገቡ በአንድ ክረምት ውስጥ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል፣ 8ኛ ላይ እንደገና ሚኒስትሪ፣ 12ኛ ላይ ማትሪክ። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ነን፣ ሶስት አራት ሆነን አንድ ዴስክ ላይ።

5ኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪያችን የነበረው ሰው የአንድ ሜትር የእንጨት ማስመሪያ ይዞ ነበር የሚገባው፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የተሳሳተ ልጅ መዳፉን ይዘረጋል። የመዳፉ ህመም ግን ሰኔ 30 ሳይደርስ ይረሳል። ያልተረሳኝ ሌላ ነው። ሰውየው እንደ ውጤታችን ነበር የሚያስቀምጠን፣ ጎበዝ ያላቸውን ፊት፣ ሰነፍ ያላቸውን ኋላ፣ ከዛ ሲያስረዳ ፊቱን ወደ ፊተኞቹ ብቻ ያዞርና ከኋላ አንድ ልጅ «ጋሼ አልገባኝም» ካለ «ለናንተ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው» ይላል። እኔ አንድ ሴሚስተር ኋላ ተቀምጫለሁ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ድንጋይ ተብሎ የተጠራ ልጅ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ መሞከሩን ይተዋል፣ ምክንያቱም ሞክሮ ከመሳሳት ሳይሞክሩ ዝም ማለት አያዋርድም። ከኋላ አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ ዓመቱ ሳያልቅ ከትምህርት ቤት የቀሩ አሉ፣ ስም ጥሪ ላይ «የለም» ይባላል፣ በቀጣዩ ሳምንት ስሙም አይጠራም፣ ለምን ቀረ ብሎ ቤት የሄደ ሰው አላየሁም።

7ኛ ክፍል ስገባ ሂሳብ ለኔ የማይሆን ነገር ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አዲሱ የሂሳብ መምህር ግን አንድ ቀን ጠዋት ያንኑ ዓይነት የአንድ ሜትር ማስመሪያ ይዘው «ተነሱ፣ ውጡ» አሉን፣ እኛ ደግሞ ልንገረፍ ነው ብለን እየፈራን ወጣን። የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ጋ ወሰዱንና ይሄ ምሰሶ ስንት ሜትር ነው፣ ሳትወጡበት ንገሩኝ አሉ። ማስመሪያውን መሬት ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙና ጥላውን አስለኩን፣ 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ፣ ከዛ የምሰሶውን ጥላ አስለኩን፣ 6 ሜትር ከ40 ሆነ፣ ማስመሪያው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ጥላውንም ታውቃላችሁ፣ የምሰሶውንም ጥላ ታውቃላችሁ፣ ታዲያ ምን ቀራችሁ አሉን። 8 ሜትር! አንድ ልጅ ጮኸ፣ ከዛ ሁላችንም ዛፉን ቤተ ክርስቲያኑን ያገኘነውን ሁሉ ስንለካ ዋልን። ተመሳሳይ ሶስት ማዕዘን ማለት ያ ነው፣ እኔ በኋላ ቴዎዶላይት ተክዬ የወንዝ ማዶ ኮረብታ ስለካ የሰራሁት መሰረቱ ከዛ ምሰሶ ሌላ አይደለም። እኚህ መምህር ሌላም ነገር ነበራቸው፣ የቤት ስራ ደብተራችንን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ፣ የተሳሳትነውን ኤክስ ብቻ አድርገው አይተውትም፣ ከየትኛው መስመር ላይ እንደሳትን በቀይ ያሰምሩበታል። እኔ ሂሳብ የማልችል ሳልሆን ክፍልፋይ ላይ ብቻ አንድ ነገር እንዳመለጠኝ ያወቅኩት በዛች ቀይ መስመር ነው።

የአማርኛ አስተማሪያችን ሴት ነበሩ፣ እትዬ ነበር የምንላቸው። ድርሰት ያጽፉንና ጠርዙ ላይ ጥያቄ ይጽፉልናል። እኔ ስለ አባይ ጽፌ «ይህን አይተኸው ነው ወይስ ሰምተኸው?» ብለው መለሱልኝ። ሰምቼው ነበር። ልጆች፣ የቅየሳ ሪፖርት ስጽፍ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ይህቺ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበረች፣ የለካነውን ለካን፣ የገመትነውን ገመትን ብሎ መለየት ማለት እኮ ነው፣ ድልድይ የሚሰራው በዛ ነው።

አሁን ደግሞ ስለወደድነው አስተማሪ። 8ኛ ክፍል ላይ አንድ የምንሞትላቸው መምህር ነበሩ፣ አይማቱም፣ ያስቃሉ፣ ፔሬዱ ሲያልቅ እናዝናለን፣ ግን የሚያወሩት ስለ አዲስ አበባ ስለ ሲኒማ ስለ ኳስ ነው፣ ኖቱን ለክፍል አለቃው ይሰጡትና እሱ ሰሌዳ ላይ ሲገለብጥ እኛም ስንገለብጥ ዓመቱ አለቀ። ሚኒስትሪ ላይ ከሳቸው ትምህርት የመጣው ጥያቄ ግማሹ ያልደረስንበት ምዕራፍ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይሄ ነው የሚከብደው። በተቃራኒው የጂኦግራፊው መምህር ፊታቸው የማይፈታ ሰላምታቸውም አጭር ነበር፣ ማንም አይወዳቸውም፣ ሆኖም አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም፣ ካርታውን ራሳቸው በጠመኔ ይስሉታል፣ ተፋሰሶቹን ሁሉ ያለ መጽሐፍ። ኋላ በሀገሩ ሁሉ ስዞር አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር፣ ተከዜ አትባራ ሆኖ አባይን እንደሚያገኘው ካርታ ማየት አላስፈለገኝም። እኚህን ሰው ማመስገን የጀመርኩት ዘግይቼ ነው።

አንድ የሳይንስ አስተማሪም ነበሩን። በ1970 በቀይ ሽብሩ ጊዜ አንድ ሰኞ አልመጡም፣ ማክሰኞም አልመጡም፣ ማንም ደፍሮ አልጠየቀም። ያ ትውልድ ስንት አስተማሪ እንደዛ እንዳጣ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ማስተማር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ደግሞ እኔ ራሴ ሳስተምር ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ተጀምሮ ነበር፣ በኋላ በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች የተሰጠ ትልቅ ዘመቻ ነው፣ ዩኔስኮም ሸልሞታል፣ እኔም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ በአንዱ ዙር ገጠር ወርጄ ገበሬዎችን ፊደል አስቆጠርኩ። ሲያርሱ የዋሉ የአባቴ እኩዮች ማታ በኩራዝ ይመጣሉ። አንዱ አባት «ልጄ፣ ላንተ ቀላል የሆነው ስለለመድከው ነው፣ ቀስ በል» አሉኝ። ስማቸውን ለመጻፍ ሳምንታት ፈጀባቸው፣ ከዛ ግን ቀበሌ ማህበር ሄደው አሻራ አልሰጥም እፈርማለሁ አሉ። እሳቸው ናቸው ለኔ ያስተማሩኝ፣ ተማሪው ሲዘገይ አስተማሪው መንገዱን መቀየር እንዳለበት።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። መጥፎ አስተማሪ አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ አጋጥሟችኋልም፣ ሰውየውን ጥሉት ትምህርቱን ግን አትጣሉት። የአንድ ሰው ስድብ ስለ ኬሚስትሪ ምንም አይናገርም፣ ስለናንተም ምንም አይናገርም። ዛሬ እኛ ያልነበረን ብዙ በር አላችሁ፣ ቴሌግራም ላይ ዩቲዩብ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያንኑ ምዕራፍ የሚያስረዳ ሰው ታገኛላችሁ፣ ሌላ ሴክሽን ያለውን መምህር ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ከናንተ በላይ ያለ ተማሪ ያስቀጽላችሁ። እና ያልገባችሁን በትክክል ለዩት፣ «ሂሳብ አይገባኝም» አትበሉ፣ የቱ መስመር ላይ እንደጠፋባችሁ ፈልጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው ሁለት ዓመት ወደኋላ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

የሚመታችሁ ካለ ደግሞ ዝም አትበሉ። በኛ ጊዜ ወላጅ ራሱ «ሥጋው የእርስዎ አጥንቱ የኔ» ብሎ ነበር ልጁን የሚያስረክበው። ዛሬ ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፎታል። ታናናሾቻችሁ ቤት መጥተው ተመታሁ ካሉ ምን አጥፍተህ ነው ከማለታችሁ በፊት ስሟቸው።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሀገሩ ሁሉ ተማሪውን ሰደበ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆን አስተማሪውን ሰደበ። ለኔ ሁለቱም ስድብ ያ የ5ኛ ክፍል አስተማሪያችን ያደርግ የነበረውን መድገም ነው። ልጁ 12 ዓመት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ደብተሩን ማን አየለት? አስተማሪውስ የቤት ኪራይ የማይሸፍን ደመወዝ እየበላ 60 እና 70 ደብተር በየትኛው ሰዓት ይይ? ይሄን ሳንጠይቅ ውጤቱን ብቻ ማየት ልጆቹን ይበድላቸዋል።

ከናንተ መሀል አስተማሪ የሆናችሁ ወይም ልትሆኑ ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ደስ ይለኛል። ለናንተ የምለው፣ 60ውን ደብተር በአንድ ቀን ማየት ካልቻላችሁ በቀን 10 እዩ፣ በስድስት ቀን ሁሉም ይደርሰዋል። ኋላ ከተቀመጡት ጀምሩ። የቀረ ልጅ ካለ ለምን እንደቀረ አንድ ሰው ጠይቁ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ጥሩ አስተማሪ ከነበራችሁ ሰውየው በሕይወት እያሉ ሂዱ። መስከረም 25 የዓለም የመምህራን ቀን ነው፣ እሱንም መጠበቅ የለባችሁም። አብዛኞቹ ጡረታ ላይ ናቸው፣ መድኃኒትና መነጽር የሚቸገሩ አሉ፣ እሱን ጠይቁ። ስትሄዱ «ያስታውሱኛል?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው፣ በሺህ የሚቆጠር ልጅ አስተምረዋልና፣ ስማችሁን፣ የተማራችሁበትን ዓመትና ሴክሽናችሁን ንገሯቸው፣ ከዛ ያስተማሯችሁን አንዱን ነገር ለይታችሁ ጥቀሱላቸው፣ ዛሬ የት ስራ ላይ እንደዋለም ጨምሩበት።