ምን ላይ እናስቀምጣቸው? ስለ ምክር ክፍል ወንበር ለጠየቃችሁኝ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የሥነ ልቦና ምክር የምሰጥበት ክፍል አለኝ። ቢሮ ለመክፈት የተነሡ ወጣት ባለሙያዎች ሰሞኑን ስለ ወንበርና ሶፋ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ሰው የሆዱን እንዲናገር መጀመሪያ ሰውነቱ ማረፍ አለበት። እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሳቢያን አካባቢ ልከፍት ነው፤ ያለኝ ብር ትንሽ ነው። ከሁሉ በፊት ምን ልግዛ?

ሁለት ነጠላ ሶፋ። አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለሚመጣው ሰው። ቁመታቸው እኩል ይሁን። አንተ ከፍ ያለ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነህ እሱን ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ካስቀመጥከው፣ አቤቱታ ይዞ ቢሮ የገባ ያህል ይሰማዋል። ጠረጴዛህን ግድግዳ አስጠጋው፤ መሃላችሁ አይግባ። መጋረጃውም ሥዕሉም ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ለስላሳ፣ ሰመጥ የሚያደርግ ሶፋ አይሻልም? ሰው ዘና እንዲል ብዬ ነው።

እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። መጀመሪያ የገዛሁት ቁጭ ሲሉበት ዋጥ የሚያደርግ ነበር። አንድ ቀን አንድ አዛውንት መጡ። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አልጨምርም። አንድ ሰዓት ሙሉ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ። ሲጨርሱ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሊነሡ ሞከሩ። ጉልበታቸው ከወገባቸው በላይ ሆኗል። አልሆነላቸውም። ደግመው ሞከሩ። እጄን ሰጠኋቸው፤ ይዘውኝ ተነሡ፣ ግን ፊቴን አላዩም። ኩታቸውን እያስተካከሉ ዝም ብለው ወጡ። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሜትር ይዤ ነው ሶፋ የማየው። መቀመጫው ከወለል ከ43 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የሚለካው ደግሞ ሰው ተቀምጦበት ነው፤ ባዶውን 46 የነበረው ሲቀመጡበት 36 ሊሆን ይችላል። ከመደገፊያው እስከ ፊቱ ጫፍ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ አጠር ያለች ሴት ወይ እግሯ ይንጠለጠላል፣ ወይ ጀርባዋን ሳታስደግፍ ትቆያለች። የእጅ መደገፊያው ጠንካራ ሆኖ እስከ ፊት ድረስ ይምጣ። ነፍሰ ጡርም፣ ጉልበቱን የሚያመውም የሚነሣው በእሱ ነው። ስፖንጁን በጉልበታችሁ ተጫኑት። እንጨቱ ከተሰማችሁ ተዉት።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ሌዘር ነው ጨርቅ? ሌዘር ያምራል፣ መወልወልም ይቀላል።

ለድሬ ጨርቅ፣ ያለ ጥርጥር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቷን ታውቀዋለህ። ሰው ሠራሽ ሌዘር ላይ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሰው ክንዱ ይጣበቃል። ሊንቀሳቀስ ሲል ጭርር ይላል። ሰው ስለ ሞተ ልጁ እያወራ ሳለ ያ ድምፅ ሲመጣ አስበው። ድሪያ ቀሚስ የለበሰች ሴት ደግሞ ልብሷ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ መነሣት ታፍራለች። ከጥቂት ዓመት በኋላም ይላላጣል።

ጥጥ የበዛበት፣ ሸካራ ያልሆነ ጨርቅ ምረጥ። መቀመጫው ዚፕ ያለው ልብስ ይኑረው፤ ሁለት ልብስ አሰፋለት። አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለብሳል። ነጭ አታድርገው፣ አቧራው አያስቀምጠውም። ከፋይም ይቅርብህ፤ ይሞቃል፣ አቧራም ይይዛል። ሐረር ላይ ቢሆን ነገሩ ይላላል፤ እዚያ ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ ማታ ማታ ሌዘር እንዲያውም ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ ፊልም ላይ የምናየው የሚተኛበት ሶፋ የግድ ነው?

አይደለም። ያ ልማድ ሳይኮአናሊሲስ የሚባለውን የሕክምና መንገድ ከጀመረው ከቪየናው ሐኪም ከሲግመንድ ፍሮይድ የመጣ ነው። ሶፋውን በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ አንዲት ታካሚው ናት የሰጠችው። የፋርስ ምንጣፍ አልብሶት ሰው እያስተኛ እሱ ከራስጌ በኩል ይቀመጥ ነበር። አንዱ ምክንያቱ ቀኑን ሙሉ ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያየው መዋል ስለማይችል እንደሆነ ራሱ ጽፏል። በ1938 እ.ኤ.አ. ከቪየና ሲሰደድ ሶፋው አብሮት ለንደን ገባ፤ ዛሬም እዚያው በቤተ መዘክሩ አለ። የፍሮይድን መንገድ የሚከተሉ ዛሬም ይጠቀሙበታል። እኔ ግን አላስገባውም። እኛ ጋ ሰው ፊት ጋደም የሚባለው ለቤተሰብ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ የመጣች እናትን «ተኚ» ብላት ለሁለተኛ ቀጠሮ አትመጣም።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል፣ ግንቡ ውስጥ ባለው አሮጌ ከተማ፣ የጥንት ቤት አግኝቻለሁ። ነደባው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል?

እንዴት የታደልሽ ነሽ! የሐረሪ ቤት ነደባ እኮ ቤቱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ መቀመጫ ነው። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ ስለተመዘገበ ምንም ነገር ከመነካካትሽ በፊት ፈቃዱን ጠይቂ።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። የነደባው ከፍታ እኩል አይደለም። ማን የት እንደሚቀመጥ ያገሩ ሰው ያውቀዋል። አሚር ነደባ የአባወራው ቦታ ነው። አንቺ እዚያ ላይ ወጥተሽ እንግዳሽን ዝቅ ካለው ላይ ብታስቀምጪ፣ ገና አፍሽን ሳትከፍቺ ማን የበላይ እንደሆነ ተናግረሻል። ሁለታችሁም ሰፊው ግድር ነደባ ላይ፣ ጎን ለጎን ጠመም ብላችሁ ተቀመጡ። ለወገብ ጠንከር ያለ ትራስ ይኑር። ነደባ መውጣት ለሚከብደው መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ጥግ አስቀምጪ፤ ያን ቀን አንቺም ወንበር ላይ ሁኚ። ጫማ ማውለቅን ግዴታ አታድርጊው። ካልሲው የተቀደደ ሰው ሰዓቱን ሁሉ እግሩን ሲደብቅ ይውላል።

ጥያቄ፦ መጅሊስስ? ወለል ላይ ፍራሽና ትራስ ዘርግቶ መቀመጥ ለእኛ ቤታችን ነው።

ልክ ነህ፣ በተለይ ለወጣቶችና ለቤተሰብ ውይይት በጣም ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አይሁን። መውረድ ለሚችል መጅሊስ፣ ለማይችል ወንበር። ሰው ሲገባ «የሚመችዎት ላይ» በለው እንጂ አትመድብለት።

ጥያቄ፦ ባልና ሚስት ሲመጡ አንድ ሶፋ ወይስ ሁለት ወንበር?

ሁለቱም ይኑር። ባለ ሦስት ሶፋና አንድ ትርፍ ነጠላ። ከዚያ ዝም ብለሽ እያቸው። መሃሉን ባዶ ትተው ጫፍና ጫፍ ይይዛሉ፤ ቦርሳዋን መሃል ታስቀምጣለች። በአራተኛው ሳምንት ቦርሳው መሬት ሲወርድ አይቻለሁ። ባለ ሁለት ሶፋ ብቻ ካለሽ ግን የተኳረፈ ሰው ትከሻ ለትከሻ ታስነኪያለሽ። ያ ጭካኔ ነው።

ጥያቄ፦ በመካከላችን ምን ያህል ይራቅ?

ከጉልበት እስከ ጉልበት አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ። ፊት ለፊት አታፋጥጡት፤ ወንበሮቹን ጠመም አድርጉ፣ ሲፈልግ መስኮቱን ማየት ይቻል። ጀርባውን ለበሩ አይስጥ። ወደ በሩ ሲሄድም እናንተን ማለፍ አይኑርበት። ሶፍትና ውሃ እጁ የሚደርስበት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ሶፍት ስታቀብሉት «በቃ አታልቅስ» ያላችሁት ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ መጠበቂያው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ያሳፍራል?

ምንም አያሳፍርም። መደገፊያ ያለውን ግዢ፣ ትራስ ጣል አድርጊበት፣ ቬንትሌተሩ ይድረሰው። ዋናው አቀማመጡ ነው። ድሬ ሰው ሰውን ያውቃል። ፊት ለፊት ካስቀመጥሻቸው የመጋላ ሰፈር ሰው የመጋላ ጎረቤቱን ያገኘዋል። ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሪያቸው። ከተቻለ ቀጠሮዎቹን አራርቂ። የቬንትሌተሩ ድምፅም ከውስጥ የሚወጣውን ወሬ ትንሽ ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ የተሠራ ልግዛ ወይስ ላሠራ?

ያገርህን ሶፋ ሠሪ አሠራ፤ ቁመቱን አንተ ትወስናለህ። ልብሱን ሳይሰፋበት ሄደህ አጽሙን እይ። እንጨቱ የደረቀ ዋንዛ ከሆነ ደስ ይበልህ። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጥበት፣ ስልክ ሳትነካ። እናትህንም ይዘህ ሂድ፣ እሳቸውም ይቀመጡበት።

ጥያቄ፦ ያንን የመጀመሪያውን ሶፋ ምን አደረግሽው?

አልጣልኩትም። ሶፋ ሠሪው እግሩን በ8 ሳንቲ ሜትር አስረዘመልኝ፣ ስፖንጁን በጠንካራ ቀየረው፣ ከጀርባው ወፍራም ትራስ ጨመረበት። አዛውንቱ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ሲጨርሱ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ያዙና ተነሡ። በሩ ጋ ቆመው «ደህና ዋይ ልጄ» አሉኝ፣ ፊቴን እያዩ።