የስታንድባይ ከረንት ሲጨምር፦ ለሰበታው የጫጩት ቤት አላርም

ሌላውም ሰው እንዲከተለን ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ሰበታ ላይ ለጫጩት ቤት፣ ቅዝቃዜ ሲመጣ የሚጮህ አላርም ሠርተሃል። መብራት ስለማይደርስበት የሚሠራው ከአሮጌ ላፕቶፕ በወጣ አንድ 18650 (ክብ የሊቲየም) ባትሪ ነው፤ ኤምቲ 3608 የሚባል ቺፕ ያለበት የቡስት (ቮልቴጅ የሚያሳድግ) ሞጁል ወደ 5 ቮልት ያሳድግለታል። አዲስ እያለ ዝም ብሎ ሲጠብቅ (ስታንድባይ የሚባለው ይሄ ነው) 1.5 ሚሊ አምፒር ይወስድ ነበር። አሁን 6 ገብቷል። ቺፑ ተበላሽቶ ይሆን፣ ልቀይረው ወይ ነው ያልከው።

ቆይ፣ አትቀይረው። እኔ ቡራዩ ላይ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ቦርዶች እጠግናለሁ። ቺፑ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ለመሆኑ የለካኸው ባትሪው ስንት ቮልት ላይ እያለ ነው? ቡስት ባትሪው ሲወርድ ያንኑ ኃይል ለማውጣት ብዙ ከረንት ይስባል። ሎዱ፣ ማለትም ከሞጁሉ ኃይል የሚወስዱት ሴንሰሩና ባዘሩ (ጩኸት አውጪው)፣ 5 ቮልት ላይ 1 ሚሊ አምፒር ቢፈልግና ብቃቱን 80 በመቶ ብንለው፣ ባትሪው 4.2 ቮልት እያለ 1.5 ሚሊ አምፒር ገደማ ይወስዳል። 3 ቮልት ሲደርስ 2.1 ይሆናል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ያንተ 6 ስለሆነ በዚህ ብቻ አይሸፈንም። ቢሆንም ከአሁን በኋላ የምትለካውን ሁሉ ባትሪው አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ላይ እያለ ለካ፤ አለዚያ ቁጥሮቹን ማወዳደር አትችልም።

ቴስተርህንም ጠርጥር። ርካሾቹ ቴስተሮች በትንሹ የአምፒር ሬንጅ ላይ ውስጣቸው ትልቅ ሬዚስተር አለ። ቡስቱ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ ከረንት ይጠይቃል። ቮልቴጁ ቴስተሩ ላይ ይቀርና ቺፑ መነሳት ያቅተዋል፤ እየሞከረ ሲወድቅ የምታነበው ቁጥር የውሸት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኛቸው። አላርሙ ተነስቶ ሲረጋጋ ሽቦውን ንቀል። ቁጥሩ አሁንም የሚዘል ከሆነ ቴስተሩን አውጥተህ 10 ኦም ሬዚስተር በመስመሩ አስገባ፣ በሞጁሉ በኩል 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጨምር፣ ከዚያ ሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለካ። 10 ሚሊ ቮልት ማለት 1 ሚሊ አምፒር ነው።

ቀጥሎ ሎዱን ነቅለህ ሞጁሉን ለብቻው ለካ። ቁጥሩ ክፉኛ ከወረደ ችግሩ ሴንሰሩ ወይም ባዘሩ ጋ ነው። እግረ መንገድህን የሚወጣውን ቮልቴጅ እይ፦ 5 ነው ወይስ 5.8 ሆኗል? ያቺ ቮልቴጁን የምታስተካክለው፣ በብሎን የምትዞር ትሪመር (ተስተካካይ ሬዚስተር) ስትዝግ ሬዚስታንሷ ይጨምራል፣ ቮልቴጁ ይወጣል፣ ሎዱም አብሮ ብዙ ይበላል። እኔ እነቅላትና ቋሚ ሬዚስተር እተካለሁ። ትሪመር ለሥራ ጠረጴዛ እንጂ ለጫጩት ቤት አይሆንም።

አሁን እኔ በጣም የምጠረጥረው ላይ ደረስን፤ ቆሻሻ። የዶሮ ኩስ አሞኒያ ያወጣል። እርጥበቱ አለ፣ አቧራው አለ። ክረምት ላይ ደግሞ በእኛ አካባቢ ምን ነገር ደርቆ ያድራል? በሊድ ስትበይድ የቀረ ፍላክስ (የብየዳ ማገዣ ቅባት) ካለ ይህን ሁሉ ይይዝና በእግሮቹ መካከል ከረንት የሚያሳልፍ መንገድ ይሠራል። ቀስ እያለ የሚጨምር ከረንት የዚህ ዓይነተኛ ምልክት ነው። ማረጋገጫው ገንዘብ አይፈልግም። ከረንቱን እያየህ ቦርዱ ላይ በአፍህ ሞቅ ያለ ትንፋሽ እፍ በልበት። ቁጥሩ ከዘለለና ቆይቶ ከተመለሰ አገኘኸው። ባትሪውን ነቅለህ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠበው። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውሃ አለበት፣ ግን ይሠራል፤ በደንብ እስኪደርቅ ብቻ አትቸኩል። ከዚያ ቫርኒሽ ቀባው፣ ሴንሰሩ ሲቀር። ብዙ ሰው ሳያጥብ ይቀባል፤ እርጥበቱን ከነቆሻሻው ውስጥ ማሸግ ነው።

ታጥቦም ካልወረደ ወደ ካፓሲተሮቹ ሂድ። ቦርዱን ሣጥን ውስጥ በብሎን አጥብቀህ ካጎበጥከው ትናንሾቹ ሴራሚኮች ይሰነጠቃሉ። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ከረንት ያፈሳል። አንድ በአንድ እያነሳህ ለካ። ዳዮዱንም አትርሳ። ሾትኪ ዳዮድ ወደ ኋላ የሚያፈሰው ከረንት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግምት እጥፍ ይሆናል። አላርሙ ቆርቆሮው ሥር ከተሰቀለ ቀንና ማታ ለክተህ አወዳድር። ልዩነቱ የትየለሌ ከሆነ ዳዮዱን ቀይር።

አንድ ሰው ከጥያቄህ ሥር "በኢኤን (ቺፑን በሚያበራና በሚያጠፋው) እግሩ አጥፋው" ብሎ መክሮሃል። በእነዚህ ሞጁሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኢኤን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ተያይዟል፣ መስመሩን መቁረጥ አለብህ። ብትቆርጠውም ባትሪው በኮይሉና በዳዮዱ በኩል ወደ ሎዱ ማለፉን አያቆምም፤ ሎዱን የምር ለመቁረጥ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ፒ ቻናል ሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) ያስፈልግሃል። ደግሞ ትሪመሯ ሥር ያለችው ሬዚስተር 2.2 ኪሎ ኦም ከሆነች፣ 0.6 ቮልት ስለሚያርፍባት ብቻዋን 0.27 ሚሊ አምፒር ትበላለች። ሁለቱንም ሬዚስተሮች በአሥር እጥፍ ብታሳድጋቸው ይህ ወደ 0.03 ይወርዳል፤ ያኔ ግን ቦርዱ ንጹሕ መሆን አለበት።

ባትሪው ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የሰነበተ ከሆነ መልሰህ ቻርጅ አታድርገው፣ ሌላ ፈልግ። ለጊዜው ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ከቦርዱ የጀርባ ፎቶ ጋር ለጥፍልን፤ ካፓሲተሮቹ ጋ መሄድ ይኖርብህ እንደሆነ ከዚያ ይታያል።