ፍኖተ ሰላም ላይ ዳቦ ቤት ለከፈትከው ወንድሜ

«አምስት ሠራተኛ አለኝ፣ ሁሉም የማውቃቸው ልጆች ናቸው፣ ውልና ጡረታ የግድ ነው ወይ?» ብለሃል። አዎ፣ ጡረታው የግድ ነው፤ ውሉም በጽሑፍ ባይሆን የተፈረመ ወረቀት ግድ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ዳቦ ስጋግር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጉድ የሠራችኝም «የማውቃቸው ልጆች» የምትለዋ ነገር ናት።

ጋጋሪዬ የጎረቤት ልጅ ነበር። ሦስት ዓመት ያለ ውል ሠራን። የዓመት ፈቃድ ሲጠይቀኝ «ሥራ በዝቷል፣ ለፋሲካ አስብልሃለሁ» እለዋለሁ። ለፋሲካም በእጁ ብር እሰጠዋለሁ። በእኔ ቤት ፈቃዱን መክፈሌ ነው። ሲለቅ ከሰሰኝ። አስማሚው፣ አሠሪና ሠራተኛን የሚያስታርቀው ሰው፣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የፈረመበት አለ?» ደብተሬን አወጣሁ። ስንት ኩንታል ዱቄት እንደገባ፣ እርሾው ሳይቀር ተጽፏል። የልጁ ፊርማ ግን አንድም ቦታ የለም። ደግሜ ከፈልኩ።

ለካ ከመጀመሪያውም አይሆንም ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የዓመት ፈቃድ በገንዘብ የሚለወጠው ሠራተኛው ሲለቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ውል በጽሑፍ ካልተዋዋልክ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት መስጠት አለብህ። ሲለቅ ሒሳቡን በ7 የሥራ ቀን ጨርስለት።

የሌሊቱን ሥራ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ጋጋሪህ ሌሊት 8 ሰዓት ስለገባ ብቻ ኦቨርታይም አይባልም። በቀን የሚሠራው መደበኛ 8 ሰዓት ካለፈ ግን ይታሰባል፦ የሰዓት ክፍያው ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍቱ 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ። እንቁጣጣሽን አስበው እንግዲህ!

ጡረታ በሠራተኛው ደመወዝ ልክ ከእሱ 7፣ ከአንተ 11 በመቶ ነው። የደመወዝ ግብሩ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ቀለል ብሏል፣ በወር እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው። 5,000 ብር ለሚከፈለው ልጅ ግብሩ 500፣ ጡረታው 350፣ እጁ ላይ የሚደርሰው 4,150 ነው። አንተ 550 ትጨምራለህ። ዳቦህን ስትተምን ይችን 550 እንዳትረሳት፣ እኔ ረስቼ ሁለት ወር በኪሳራ ጋግሬያለሁ። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን፣ አባት 3 ቀን ከነደመወዛቸው ያርፋሉ።

ኅዳር ላይ ጤፍ አጨዳ ሲደርስ ልጆቹ ገጠር ቤተሰብ ጋ ይጠፉብሃል። ተናደህ በስልክ «በቃ፣ አትምጣ» እንዳትል። በስድስት ወር ውስጥ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ያስባርራል፣ ግን በጽሑፍ አስጠንቅቀህ ከነበረ ነው። እኔ አሁን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማን መቼ እንደሚሄድ አስጽፌ ከዓመት ፈቃዱ አስይዘዋለሁ። እሱም ያጭዳል፣ እኔም ምድጃዬ አይቆምም።

የደመወዝ መክፈያ ቅጼን ፎቶ አንስቼ ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። የፊርማዋን ዓምድ ሰፋ አድርጋት፣ የጋጋሪ እጅ ሊጥ አይጠፋውም።